የሳሙራይ ጎራዴና የቻይና ሰይፍ በአንድ ሚዛን አይለኩም

የፊልም ወዳጆች በተሰባሰቡበት ሁሉ የማይቀር ክርክር አለ። አንደኛው ወገን የጃፓኑን የሳሙራይ ፊልም ያነሣና «እውነተኛው የጎራዴ ፍልሚያ ይህ ነው፤ ቻይኖቹ በሽቦ ታስረው ዛፍ ለዛፍ ይበራሉ» ይላል። ሌላኛው «ሁለት ሰዎች ተፋጠው ሲተያዩ ቆይተው በአንድ ምት የሚያልቅ ነገር ምኑ ፍልሚያ ነው? ጥበቡ ያለው ቻይኖቹ ጋ ነው» ብሎ ይመልሳል። እኛ አገር ብዙው ተመልካች ብሩስ ሊንና ጃኪ ቻንን በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት እያየ ስላደገ ፍልሚያ ሲባል ዓይናችን የሚጠብቀው የሆንግ ኮንግን ፍጥነት ነው። ስለዚህ የሳሙራይ ፊልም ሲገጥመው አንዱ «ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው ደግሞ የሆንግ ኮንጉ ስለሰለቸው ብቻ «ሐቁ ይኸ ነው» ብሎ ያወድሰዋል።

ሁለቱም ወገኖች የሚስቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ፊልሞቹን የሚመዝኑት በገሃዱ ዓለም ውጊያ ነው። አንዱ ለእውነት ይቀርባል ብሎ ያደንቃል፤ ሌላው እውነት ቢሆን ኖሮ ይበልጥ አስቸጋሪ ይሆን ነበር ብሎ ይነቅፋል። የእኔ አቋም የተለየ ነው። ከሁለቱ የትኛውም የእውነተኛ ውጊያ ቅጂ አይደለም፤ ሁለቱም ከቲያትር መድረክ የወረዱ ጥበቦች ናቸው። የሚለያዩት ጊዜያቸውን በሚያውሉበት ቦታ ነው። የሳሙራይ ፊልም ጊዜውን የሚሰጠው ከምቱ በፊት ላለው ውሳኔና ከምቱ በኋላ ለሚመጣው መዘዝ ነው። የቻይናው ፊልም ጊዜውን የሚሰጠው ምት ከምት ጋር ለሚመላለስበት ለመካከሉ ነው። ከዚህ ልዩነት ጀርባ የሁለት አገሮች ታሪክ አለ። እኔም የማደላበት ወገን አለኝ፤ ስለ ጎራዴ የጠለቀውን ነገር የተናገረው የሳሙራይ ፊልም ነው ብዬ አምናለሁ። የማምንበት ምክንያት ግን «እውነተኛ ስለሆነ» የሚለው አይደለም።

ሁለቱም ከመድረክ የወረዱ ናቸው

የጃፓን ሲኒማ የጎራዴ ፍልሚያን መጀመሪያ የተዋሰው ከካቡኪ ቲያትር ነው። የጃፓን ፊልም አባት የሚባለው ማኪኖ ሾዞ ከተዋናዩ ኦኖኤ ማትሱኖሱኬ ጋር በሠራቸው የድምፅ አልባው ዘመን ፊልሞች ውስጥ ፍልሚያው ለውዝዋዜ የቀረበ፣ የተለካና በካቡኪ ወግ የተቃኘ ነበር። ዛሬ «እውነተኛ» የምንለው ፈጣንና ጨካኝ አመታትም ከጦር ሜዳ አልመጣም። በ1917 በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ሳዋዳ ሾጂሮ ሺንኮኩጌኪ የተባለ የቲያትር ቡድን መሠረተ። የካቡኪውን እርጋታ ትቶ በመድረክ ላይ የሚያስደነግጥ ፍጥነትን ለተመልካች ያስለመደው ይህ ቡድን ነው። ሲኒማው ያንን ወርሶ በ1925 እንደ «ኦሮቺ» ያሉ ፊልሞችን አወጣ፤ ባንዶ ጹማሳቡሮ በብዙ ሰው ተከቦ እስኪዝል ድረስ የሚታገልበት የመጨረሻ ትዕይንት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እንግዲህ እውነት መምሰሉ ራሱ በመድረክ ላይ የተፈጠረ ስልት ነበር ማለት ነው።

የኋለኞቹንም ብናይ ነገሩ ያው ነው። በአኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራዮች» (1954) ውስጥ ከሁሉ የላቀውን ጎራዴኛ ኪዩዞን የተጫወተው ሴጂ ሚያጉቺ የቲያትር ሰው ነበር፤ ጎራዴ መያዝን የተማረውም ለዚሁ ፊልም ነው። ለፊልሙ ፍልሚያውን ያስተማሩት ሱጂኖ ዮሺዮ፣ የጥንቱ የካቶሪ ሺንቶ ሪዩ ትምህርት ቤት መምህር፣ እውነተኛ የጎራዴ ሊቅ ነበሩ። ይሁን እንጂ በስክሪኑ ላይ የምናየው የኪዩዞ ብቃት የተገነባው በሚያጉቺ አቋቋም፣ በፊቱ ጭምትነትና በኩሮሳዋ አቆራረጥ ነው። ሊቅነቱ የተዋናዩ ክንድ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ዮጂ ያማዳ «የድንግዝግዝታው ሳሙራይ» (2002) በተባለው ፊልሙ ላይ ደግሞ ብዙ ተቺዎች ከእውነት የቀረበ የሚሉትን የቤት ውስጥ ፍልሚያ ሲሠራ፣ ለባላጋራው ሚና የመረጠው ሚን ታናካን ነው። ታናካ በሙያው ዳንሰኛ ነው፤ ፊልም ላይም ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

የቻይናው ፊልም ደግሞ ከመድረክ መምጣቱን አይደብቅም። የፔኪንግ ኦፔራ ዘፈንን፣ ትወናን፣ አክሮባትንና የጦር መሣሪያ ጨዋታን በአንድ ሰው አካል ላይ የሚያሰለጥን ጥበብ ነው። የፍልሚያ አቀናባሪው ሃን ዪንግጂዬ የመጣው ከዚያው ነው። ጃኪ ቻን፣ ሳሞ ሁንግና ዩዌን ቢያዎም በልጅነታቸው ሆንግ ኮንግ ውስጥ በመምህር ዩ ጂም ዩዌን የፔኪንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት ተገርተው ያደጉ ናቸው። ዳይሬክተሩ ኪንግ ሁ ራሱን የኩንግ ፉ አዋቂ አድርጎ አቅርቦ አያውቅም፤ ፍልሚያውን የሚያየው በኦፔራው ምትና በውዝዋዜው ዓይን ነበር። እናም የቻይናውን ፊልም «ይህማ ዳንስ ነው» ብሎ የሚነቅፍ ሰው የሚነቅፈው ፊልሙ ራሱ ከመነሻው በግልጽ የሚናገረውን ነገር ነው።

ከምቱ በፊት፣ ከምቱ በኋላ

የሳሙራይ ፊልም ጊዜውን እንዴት እንደሚያውል ለማየት ከ«ሰባቱ ሳሙራዮች» የኪዩዞን የመጀመሪያ ትዕይንት በጥሞና መመልከት ይበቃል። ኪዩዞና አንድ ጉረኛ ሳሙራይ በእንጨት ይፋለማሉ። ሁለቱ እኩል የተማቱ ይመስላል። ጉረኛው «አቻ ለአቻ ነን» ይላል፤ ኪዩዞ ረጋ ብሎ ጎራዴ ቢሆን ኖሮ ሞተህ ነበር ይለዋል። ሰውየው ተናዶ በእውነተኛ ጎራዴ እንዲደገም ያስገድዳል። ያው አቋም፣ ያው ርቀት፣ ያው ጥበቃ ይደገማል፤ ከዚያ አንድ ምት። ኩሮሳዋ አወዳደቁን አዘግይቶ ያሳየናል። ሙሉው ትዕይንት የሚያስተምረን በሁለቱ መካከል ያለችው ልዩነት ተራ ዓይን የማይለያት መሆኗን፣ ዋጋዋ ግን የሰው ነፍስ መሆኑን ነው። ምቱ ራሱ ከትዕይንቱ የሚወስደው እጅግ ጥቂት ነው፤ የቀረው ሁሉ ሰውየው ከመሞት ሊድን የሚችልበት ጊዜ ነበር።

«ሳንጁሮ» (1962) ይህንን ወደ ጫፉ ወሰደው። በመጨረሻው ላይ ቶሺሮ ሚፉኔና ታትሱያ ናካዳይ ክንድ ለክንድ በሚደራረሱበት ርቀት ፊት ለፊት ይቆማሉ። ማንም አይናገርም፤ ካሜራውም አይንቀሳቀስም። ዝምታው ሊቋቋሙት እስኪያቅት ከረዘመ በኋላ ሁለቱም በአንዴ ይመዛሉ፤ የናካዳይ ደም እንደ ምንጭ ይፈነዳል። ይህን ትዕይንት ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በደሙ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ዳር ቆመው ያዩት ወጣት ሳሙራዮች በአድናቆት ሲያወድሱት ሚፉኔ ይቆጣቸዋል። የሞተው ሰው የእሱው ብጤ፣ አፎት አልባ ጎራዴ እንደነበረ ይነግራቸዋል። ከዚያ በፊት በፊልሙ ውስጥ አንዲት አረጋዊት እመቤት ጥሩ ጎራዴ አፎቱ ውስጥ የሚያርፍ ነው ብለው መክረውታል። ኩሮሳዋ ተመልካቹን ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል በፍልሚያ ሲያስደስት ቆይቶ፣ በመጨረሻ ያንኑ ደስታውን እንዲጠራጠር ያደርገዋል።

እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ከየት መጣ? ከታሪክ ነው። ጃፓን በ1945 ተሸንፋ በአሜሪካ በተያዘች ጊዜ የወረራው አስተዳደር ለጌታ እስከ ሞት መታመንንና በቀልን የሚያወድሱ ፊልሞችን ከለከለ፤ ሳንሱሩ ያበቃው በ1952 ነው። ወታደራዊው መንግሥት ሕዝቡን ወደ ጦርነት የነዳው የሳሙራይን ታማኝነት እየጠቀሰ ስለነበር፣ ከ1952 በኋላ ጎራዴ የያዘ ሰው ፊልም ላይ ሲመለስ ከበስተኋላው የወደመ አገር ነበረ። ማሳኪ ኮባያሺ በጦርነቱ ጊዜ በግዳጅ ማንቹሪያ የዘመተ፣ በተቃውሞ የማዕረግ ዕድገት አልቀበልም ብሎ ተራ ወታደር ሆኖ የቀረና በመጨረሻም በኦኪናዋ የተማረከ ሰው ነው። «ሐራኪሪ»ን (1962) የሠራው እሱ ነው።

«ሐራኪሪ» ከሳሙራይ ፊልሞች ሁሉ የማስበልጠው ነው። ዘመኑ 1630 ነው። አገሩ ሰላም ሆኗል፤ ጌቶቻቸው የተሻሩባቸው ሳሙራዮች በረሃብ ይንከራተታሉ። አንድ ወጣት ወደ ኢዪ ቤተሰብ ቅጥር ገብቶ በክብር ሆዴን ልቅደድ ብሎ ይለምናል፤ የልቡ ምኞት አዝነውለት ጥቂት ገንዘብ ሰጥተው እንዲሸኙት ነው። እነሱ ግን ሊያስተምሩበት ይፈልጋሉ። ለታመሙት ሚስቱና ልጁ ሲል ጎራዴዎቹን ሸጦ ኖሮ በአፎቱ ውስጥ ያለው የቀርከሃ ስለት ነው፤ በዚያው በቀርከሃ ሆዱን እንዲቀድ ያስገድዱታል። ይህ ትዕይንት ከማንኛውም ፍልሚያ ይልቅ ለማየት ይከብዳል፤ አንዳችም ፍልሚያ የለበትም። ኋላ ላይ አማቱ ሃንሺሮ፣ በናካዳይ ተመስሎ፣ መጥቶ ያንን ቤት የሚያዋርደው በመግደል አይደለም። ጀግና የተባሉትን ሦስት ሳሙራዮች አንድ በአንድ አሸንፎ ቁንጯቸውን ይቆርጥና በጓሮው ይጥለዋል። ለሳሙራይ ቁንጮውን ማጣት ከሞት የከፋ ውርደት ነበር። ቤቱ ግን መጨረሻ ላይ ጠመንጃ ያዥ አምጥቶ ሃንሺሮን ይጨርሳል፤ የተዋረዱትንም ሞት በሽታ ብሎ መዝግቦ ክብሩን ይሸፍናል። ፊልሙ በ1963 በካን ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት አግኝቷል።

ጠመንጃውን ልብ ማለት ያሻል። በ«ሰባቱ ሳሙራዮች» ከሰባቱ የሚሞቱት አራቱም የሚወድቁት በጥይት ነው። አቻ የሌለው ኪዩዞ እንኳ በጎራዴ የሚያሸንፈው ሳይገኝ ከተደበቀ የወንበዴ አለቃ በተተኮሰ ጥይት ይሞታል። ይህን ያወቀ ሰው የሳሙራይ ፊልም ጎራዴን ያመልካል ብሎ ሊናገር አይችልም።

ፍልሚያው ራሱ ሲናገር

ወደ ቻይናው ፊልም ስንሻገር ሕጉ ይለወጣል። እዚህ ምቱ ከተጀመረ ማለቅ የለበትም፤ ምክንያቱም ታሪኩ የሚነገረው በምቶቹ መመላለስ ነው። መሣሪያውም ያግዘዋል። የጃፓኑ ካታና በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ጠመም ያለ፣ በአንድ ወገኑ የተሳለ ነውና ሙሉ የሰውነት ኃይል አንድ ምት ላይ እንዲያርፍ ይጋብዛል። የቻይናው ጂያን በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ቀጥ ያለ፣ በሁለቱም ወገን የተሳለ ሰይፍ ነው፤ ሌላኛው እጅ ነጻ ይሆናል፤ አንዱ እንቅስቃሴ ሳይቋረጥ ወደ ሌላው ይሻገራል። ከዚያም በላይ የቻይና ፊልም በአንድ መሣሪያ አይወሰንም፤ ጦሩ፣ ዱላው፣ መንጠቆው፣ ወንበሩ ሁሉ የሚናገርበት ቋንቋ ነው።

ኪንግ ሁ በሻው ብራዘርስ ስቱዲዮ በሠራው «አብረኸኝ ጠጣ» (1966) ቼንግ ፔይፔይ የወንድ ልብስ ለብሳ እንግዳ ማረፊያ ትገባና ትቀመጣለች። ወንበዴዎቹ ከበዋት ዕቃ እየወረወሩ ይፈትኗታል፤ እሷ ረጋ ብላ ትመልሳለች። ካሜራው የሚለካው ማን እንደሚያሸንፍ አይደለም፤ የእርጋታዋን ልክ ነው። ቼንግ ዳንስ የተማረች የሃያ ዓመት አካባቢ ወጣት ነበረች፤ ኪንግ ሁም የፈለገው ያንን የምት ስሜቷን ነው። ኋላም በታይዋን በሠራው «የዜን ንክኪ» (1971) የቀርከሃ ጫካው ፍልሚያ ላይ ሰዎቹ ከቀርከሃው ጫፍ ወደ ታች ይወረወራሉ። ኪንግ ሁ ዝላዩን እጅግ አጫጭር አድርጎ ስለሚቆርጠው ዓይን ሙሉውን ሳይዝ ያልፋል፤ አእምሮ የቀረውን ይሞላል። ፊልሙ በ1975 በካን የቴክኒክ ታላቁን ሽልማት ያገኘው በዚህ ጥበብ ነው። «ሰው አይበርም» የሚለው ነቀፌታ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ዉሺያ የሚባለው የቻይና የጀግኖች ሥነ ጽሑፍ ሰውነትን ያቀለለ ሰው ሰገነት ለሰገነት እንደሚራመድ ሲተርክ የኖረ ነው።

ከቅርቦቹ ሁሉ ግን የቻይና ፍልሚያ ምን ማድረግ እንደሚችል አሟልቶ የሚያሳየው በአንግ ሊ «ያደባው ነብር፣ የተሸሸገው ዘንዶ» (2000) ውስጥ ያለው የማሠልጠኛ አዳራሽ ትዕይንት ነው። ሚሼል ዮ እና ዣንግ ዚዪ ይገጥማሉ፤ ያቀናበረው ዩዌን ዎ ፒንግ ነው። ወጣቷ የያዘችው ማንኛውንም ብረት የሚቆርጥ ስመ ጥር ሰይፍ ነው። ታላቂቱ ግን ከግድግዳው ላይ መሣሪያ በመሣሪያ እየቀያየረች ትገጥማታለች፤ ጥንድ ጎራዴ፣ ጦር፣ መንጠቆ። አንዱን ከባድ ብረት ልታነሣ ስትል ክብደቱ ይዟት ይወድቃል፤ ትታው ወደ ሌላው ትሄዳለች። መሣሪያዎቿ አንድ በአንድ ይሰበራሉ። በመጨረሻ የተሰበረ ሰይፏን የወጣቷ አንገት ላይ አድርሳ ታቆመዋለች፤ አትገድላትም። ወጣቷ በዚያች የምሕረት ቅጽበት ክንዷን ትመታታለች። ይህን ሁሉ በአንድ ምት ብታሳጥሩት የሚቀር ነገር የለም። ልምድና ትዕግሥት ውድ መሣሪያ ከያዘ ትዕቢት ጋር እንዴት እንደሚጋጠም የምናየው በመካከሉ ባለው ርዝመት ውስጥ ነው። ትዕይንቱን «በእውነት ቢሆን ኖሮ ቶሎ ያልቅ ነበር» ብሎ መንቀፍ ዘፈን ለምን ንግግር አልሆነም እንደ ማለት ነው።

ደመወዝተኛውና ነጻው ሰው

የጊዜው አጠቃቀም የተለያየበት ሌላ ምክንያት አለ፤ በክርክሮቻችን ውስጥ ብዙም አይነሣም። ጎራዴውን የያዘው ሰው ማነው? ሳሙራይ ደመወዝተኛ ነው። ከጌታው በሩዝ የሚሰፈርለት፣ ማዕረጉ የተመዘገበ፣ በወገቡ የሚታጠቀው ጎራዴ የመደቡ ምልክት የሆነ አገልጋይ ነው። ከ1603 እስከ 1868 በቆየው የቶኩጋዋ ሰላም ዘመን አብዛኛው ሳሙራይ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ወደ መሆን ደርሶ ነበር፤ የሜይጂ መንግሥትም በ1876 ጎራዴ መታጠቅን በአዋጅ ከለከለ። ስለዚህ በሳሙራይ ፊልም ጎራዴ መምዘዝ ማለት ትእዛዝ መፈጸም ወይም ትእዛዝ መጣስ ነው። ከምቱ በፊት ያለው ረጅም ዝምታ የሚያጨንቀን ለዚህ ነው፤ ሰውየው የሚወስነው ባላጋራውን ስለመምታት ብቻ ሳይሆን ኑሮውንና ቤተሰቡን ስለማጣትም ነው።

የቻይናው የዉሺያ ጀግና በተቃራኒው ከመንግሥት ውጭ የሚኖር ነጻ ሰው ነው። ጌታ የለውም፤ የሚታመነው ለመምህሩ፣ ለወዳጁና ለራሱ ፍትሕ ነው። ይህ ነጻነቱ ባለሥልጣናትን ሁልጊዜ ደስ አላሰኘም። በ1928 በሻንጋይ የወጣው «የቀይ ሎተስ ቤተ መቅደስ ቃጠሎ» ተመልካቹን እብድ አድርጎ ብዙ ክፍሎች ከተከተሉት በኋላ የናሽናሊስቱ መንግሥት እንዲህ ያሉ ፊልሞችን አገደ። ጥበቡ ወደ ሆንግ ኮንግና ኋላም ወደ ታይዋን ተሰደደ። የነጻ ሰው ፍልሚያ ረጅምና ደስተኛ ቢሆን አያስገርምም፤ አካሉ የራሱ ነው።

የተቃራኒው ወገን ጠንካራ ነጥቦች

ለሳሙራይ ፊልም ሳደላ ከፊቴ የሚቆሙ ሦስት ከባድ ክርክሮች አሉ። የመጀመሪያው የሴቶች ጉዳይ ነው። የቻይና ፊልም ሰይፍን ለሴት ለመስጠት አላመነታም፤ ከድምፅ አልባው ዘመን ጀምሮ እስከ ቼንግ ፔይፔይ፣ ከ«የዜን ንክኪ»ዋ ሹ ፌንግ እስከ ሚሼል ዮ፣ ሴቷ የታሪኩ ማዕከል ናት። በሳሙራይ ፊልም እንደ 1973ቱ «ሌዲ ስኖውብለድ» ያሉት ጥቂት ናቸው፤ በአብዛኞቹ ሴቷ የምታለቅስ ወይም የምትሞት ናት። በዚህ ነጥብ የቻይናው ሲኒማ ያለ ጥርጥር ይበልጣል፤ መከላከያም የለኝም።

ሁለተኛው ክርክር የቻይናውም ፊልም ጎራዴን ይጠራጠራል የሚለው ነው። እውነት ነው። በቻንግ ቼ «ባለአንድ እጁ ሰይፈኛ» (1967) ጂሚ ዋንግ ዩ በመጨረሻ ሰይፉን ትቶ ወደ እርሻ ይሄዳል። «ያደባው ነብር» የሚጀምረው አንድ ታላቅ ተዋጊ ሰይፉን ለሌላ ሰው አሳልፎ ለመስጠት ሲወስን ነው። በዣንግ ዪሙ «ጀግናው» (2002) ውስጥ ጄት ሊ ንጉሡን መግደል እየቻለ ይተወዋል። ልዩነቱ ግን ይታየኛል። የዉሺያው ጀግና ሰይፉን አስቀምጦ መሄድ ይችላል፤ ሲያስቀምጠው ይበልጥ ከፍ ይላል። ሳሙራዩ ሲያስቀምጠው ማንነቱና እንጀራው አብረው ይሄዳሉ። በ«የድንግዝግዝታው ሳሙራይ» ሂሮዩኪ ሳናዳ የተጫወተው ሴይቤ ለሚስቱ ቀብር ጎራዴውን ሸጧል፤ በረጅሙ አፎት ውስጥ ያለው ቀርከሃ ነው። ያመፀን ሰው ግደል ብለው ሲልኩት እምቢ የማለት አቅም የለውም። ከሰውየው ቤት ገብቶ አብረው ተቀምጠው ስለ ድህነታቸው እንደ ወዳጅ ያወራሉ። ቀርከሃውን ሲያይ ሰውየው እንደ ንቀት ቆጥሮት ይነሣል። በጨለማው ጠባብ ክፍል የሰውየው ረጅም ጎራዴ የጣሪያው ወራጅ ላይ ሲሰካ ሴይቤ በአጭሩ ይመታዋል። ሁለት ድሆች በአለቆቻቸው ትእዛዝ ተገዳደሉ። ከ«ሐራኪሪ» አርባ ዓመት በኋላ ያው ቀርከሃ ያንኑ ክስ ይዞ ተመለሰ። በቻይናው ሲኒማ እንዲህ ያለ ክስ በዚህ ክብደት አላየሁም።

ሦስተኛው ክርክር ሁለቱን መለየት ራሱ ትክክል አይደለም የሚለው ነው። ብዙ እውነት አለው። ሻው ብራዘርስ የጃፓን ፊልሞችን አጥንቷል፤ ጃፓናውያን ዳይሬክተሮችንና ባለሙያዎችንም ቀጥሯል። «አብረኸኝ ጠጣ»ን በካሜራ የቀረጸው ጃፓናዊው ኒሺሞቶ ታዳሺ ነው። በ1971 የጃፓኑ ዓይነ ስውር ጎራዴኛ ዛቶኢቺና የሆንግ ኮንጉ ባለአንድ እጅ ሰይፈኛ በአንድ ፊልም ተገናኝተዋል፤ ቋንቋ ባለመግባባት ሁለት ደጋግ ሰዎች ይጋጫሉ። በ2012 የጀመሩት የ«ሩሮኒ ኬንሺን» ፊልሞች ፍልሚያ አቀናባሪ ታኒጋኪ ኬንጂም ሙያውን ያዳበረው በሆንግ ኮንግ ከዶኒ የን ጋር ነው። ወንዞቹ ይቀላቀላሉ። ሆኖም መቀላቀላቸው ምንጫቸውን አንድ አያደርገውም፤ ታኒጋኪ የሆንግ ኮንግን ፍጥነት ሲያመጣ እንኳ የፊልሞቹ ጀግና ኬንሺን ላለመግደል የማለ ሰው ነው፤ የሚታጠቀውም ስለቱ የተገለበጠ ጎራዴ ነው። ጥያቄው የጃፓኑ ጥያቄ ሆኖ ቀርቷል።

ፍርዱ

እንግዲህ ሚዛኑን ለይተን እንያዝ። የሰው አካል ምን ያህል ሊያምር፣ ሊናገርና ነጻ ሊሆን እንደሚችል ለማየት ለሚሻ ሰው የቻይናው ሲኒማ አቻ የለውም፤ ለሴት ልጅ የሰጠው ቦታም ክብር ይገባዋል። ጎራዴ በሰው እጅ ሲገባ በነፍሱ፣ በቤቱና በአገሩ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለሚጠይቅ ሰው ግን የሳሙራይ ፊልም ይበልጣል። የሚበልጠውም ጎራዴን ከሁሉ በላይ አስውቦ ያሳየ ሲኒማ ራሱ ክሱን ስለጻፈበት ነው። የራሱን ጀግና በጠመንጃ የሚያስጥል፣ አሸናፊውን በድሉ የሚያሳፍር፣ ክብር የሚባለውን ነገር ገልጦ ከሥሩ ቀርከሃ የሚያሳይ ጥበብ በቀላሉ አይገኝም። ይህን ማዕረግ የሚሰጠው «እውነት መምሰሉ» ቢሆን ኖሮ ማንኛውም ደም የሚረጭ ፊልም ይበቃን ነበር።

ለአንባቢ የማቀርበው ጥሪ ቀላል ነው። የሳሙራይ ፊልም ስታዩ ምቱን አትጠብቁ፤ ከምቱ በፊት ሰውየው ምን ሊያጣ እንደሆነ ጠይቁ። የቻይና ፊልም ስታዩ ማን እንዳሸነፈ ቶሎ ለማወቅ አትቸኩሉ፤ ሁለቱ በምታቸው ምን እንደተባባሉ አድምጡ። ጀማሪ ከሆናችሁ በ«ሳንጁሮ» ጀምሩ፤ አጭርና አዝናኝ ነው። ቀጥላችሁ «አብረኸኝ ጠጣ»ን፣ ከዚያም «ያደባው ነብር»ን እዩ። «ሰባቱ ሳሙራዮች» ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚፈጅ ሙሉ የእረፍት ቀን ስጡት። «ሐራኪሪ»ን ግን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ከሱ በኋላ የሚታይ የጎራዴ ፊልም ሁሉ የሚመዘነው በእሱ ነውና።